ያልተጻፈው ደንብ

እዚህ አሜሪካ ከዌርሃውስ፣ ከመጋዘን ሥራዬ ጋር ኮሌጅ ክላስ እወስድ በነበረ ጊዜ፣ አስተማሪያችን ስለ እንግሊዝ ፓርላማ ነገረን። በአንድ ሰነድ የሰፈረ ሕገ መንግሥት የላቸውም፤ ፓርላማው ያሻውን ሕግ ማውጣት ይችላል፤ ልጓሙ ልማድና ይሉኝታ ነው። «ይሉኝታ የሌለው ቢመጣስ?» ብዬ ጠየቅሁት። «ያኔ ማን ያስቆመዋል?» አለኝ። እንዲህም አገር አለ ብዬ ሳቅሁ።

ክሊቭላንድ አቬኑ ያለችው ቤተ ክርስቲያናችንም እንደዚያው ነበረች። የተጻፈው መተዳደሪያ ደንባችን ጉባኤው በድምፅ ብልጫ ይወስናል ይላል። በልማድ ግን፣ ከአባላቱ አንድ ትልቅ ሰው «እንጸልይበት» ካሉ በዚያ ቀን ድምፅ አይሰጥም። የማይቀበሉት ነገር ሲመጣ የሚሉት ይህንኑ ነው።

አንድ ዓመት፣ የጠዋቱ አምልኮ ለልጆቻችን በእንግሊዝኛ ይሁን፣ አማርኛው ወደ ከሰዓት ይዛወር የሚል ሐሳብ አቀረብኩ። ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጡት እትዬ ከፊት ወንበር ተነሥተው «እንጸልይበት» አሉ። እኔ ጎበዙ ግን ደንቡን አውጥቼ፣ «እትዬ፣ ይሄ የት ተጽፏል? ድምፅ ይሰጥ» አልኩ። እጅ ወጣ፤ አሸነፍን። እሳቸው መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ዘግተው ቁጭ አሉ። ከዚያ ወዲህ በጉባኤ ላይ ተናግረው አያውቁም።

ዘንድሮ ደግሞ የከሰዓቱ ሰው ስለሳሳ፣ የአማርኛው አምልኮ በወር አንዴ ብቻ ይሁን የሚል ሐሳብ መጣ። ብድግ ብዬ «እንጸልይበት» አልኩ። እትዬ ዞረው እንኳ አላዩኝም። ሰብሳቢው፣ ያን ጊዜ ከእኔ ጋር እጁን ያወጣው ወጣት፣ በትሕትና ጎንበስ ብሎ፣

«ጋሼ፣ ይሄ የት ተጽፏል?» አለኝ።