ከአበልጄ ሳር ሥር የወጣው

አበልጄ የግቢውን እድፍ በግንብ አጥሩ ሥር ቀዶ ወደ ቤቴ ለቀቀብኝ። ሚስቴም በዚሁ ምክንያት ጥላኝ ሄደች። በደሉ ይኸው ነው።

አበልጄ የምለው ልጁን ክርስትና ያነሳሁለት ጎረቤቴን ነው። እዚህ መተማ፣ ከእኔ ግቢ በላይ በኩል ፔንሲዮንና ሥጋ ቤት ከፍቷል። የእሱ ግቢ ከፍ ይላል፣ የእኔ ዝቅ ይላል፤ ሁለታችንም የተቀመጥነው ዋልካ አፈር ላይ ነው። ዋልካ በበጋ ክንድ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። በክረምት ያብጥና ጠብታ አያሳልፍም፤ ጫማህን ነጥቆ ያስቀራል።

ለፋሲካ ብሎ ግቢውን አርቴፊሻል ሳር አለበሰው። ጠጠር የለ፣ አሸዋ የለ፣ ቱቦ የለ። መሬቱን በአካፋ ደልድሎ ጥቅሉን በዋልካው ላይ ዘረጋው። "ውሃውስ?" አለ ለማየት ከተሰበሰብነው ጎረቤቶች አንዱ። አበልጄ አንድ በርሚል ውሃ አስመጥቶ ፊታችን ገለበጠው። ውሃው ወዲያው ጠፋ።

"አያችሁ? ከሥሩ ቀዳዳ አለው። ዘመናዊ ነው!" አለ።

አጨበጨብን። ውሃውን የጠጣው የበጋ ስንጥቅ መሆኑን የማያውቅ እዚያ አልነበረም፤ ሁላችንም ሰሊጥና ማሽላ ስንዘራ ያደግን ነን። ማሳ ላይ ቢሆን ማናችንም አንታለልም። ግቢ ሲሆንና አረንጓዴው ሲያብረቀርቅ ግን ዓይናችን ታወረ።

ከዚያ ተበላበት። ሹፌሮች ጥሬ ሥጋ እየቆረጡ ጅማቱን እዚያው ይተፋሉ። ቢራ ይደፋል፣ አክታ ይጣላል። ኋላ ፍየሉም እዚያው ሳሩ ላይ ይታረድ ጀመር። "በውሃ ይለቃል" ይላል አበልጄ፤ በጎማ ያጥበዋል፣ ላዩ ያምራል። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ፣ ልጆች ወልጄ ነው። ሳሩ ከተነጠፈ ወዲህ በየማለዳው ከቤቴ ስወጣ የሚቀበለኝ እሱ ግንቡ ላይ የለጠፈው ጽሑፍ ነበር፦ "ሳሩን ይንከባከቡ"። ለዚህ ነው እንግዲህ የተማርኩት።

ሰኔ ገባ። ዝናቡ ሲጥል ስንጥቁ ሁሉ ተደፈነ፤ ሳሩም እንደታመመ ሆድ ተነፋ። ሲረግጡት ይንቦጫረቃል፣ በቀዳዳው ጥቁር ነገር ይተፋል። ደንበኛ ሸሸ። አበልጄ ምን አደረገ? የግንቡን ሥር በዲጂኖ በሳው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደምና ሞራ የተቀላቀለበት ውሃ መጥቶ የሚስቴ ጓዳ ደጃፍ ላይ ተኛ። ትል አፈላ። ዝንቡ ከወጡ ላይ እየተነሳ ፊታችን ላይ ያርፋል። አንድ ቀን ጎርሼ፣ የበሰበሰ ፍየል ሸተተኝና ተፋሁት።

ሚስቴ ልብሷን በሻንጣ ከተተች።

"አንተ ልመደው። እኔ ደጃፌ ሲደርቅ ጥራኝ፤ ካልደረቀ ስልክም እንዳትደውል" ብላ ኮኪት ወደምትኖረው እህቷ ሄደች።

አበልጄ ዘንድ ሄድኩ። ወንበር ሳበልኝ፤ አልተቀመጥኩም።

"ውሃህ ቤቴ ገባ።"

"አበልጄ፣ ዝናብ እኮ የእግዜር ነው።"

"እግዜር ደም አያዘንብም።"

"ታዲያ ምን ላድርገው? ውሃ ወደ ታች ነው የሚሄድ። ሳሩ እንደሆነ ያሳልፋል።"

"ሳሩ ያሳልፋል። ዋልካው ወዴት ያግባው?"

ሳቀ። ቢራ ይምጣለት አለ። ያ ሳቁ ከሽታው ይብስ ነበር።

ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ። ወጣቱ ሠራተኛ ከስልኩ ቀና ሳይል፣ "አባቴ፣ ሳር ከሆነ ግብርና ይሂዱ" አለኝ። ግብርና ሄድኩ። "ፕላስቲክ ከሆነማ ማዘጋጃ ይሂዱ" አሉኝ።

ስለዚህ ሽማግሌ ያዝኩ። ፍልሰታ ገብቶ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ አስቀድሰው፣ ነጠላቸውን እንዳጣፉ መጡ። አበልጄ ሊያከብራቸው ብሎ ወንበሩን ሳሩ ላይ ደረደረ። አንጋፋው ገና ሲቀመጡ የወንበሩ እግር ሰመጠ፤ ከሥር ጥቁር ቅባት ፊጭ ብሎ ወጥቶ ጫማቸው ውስጥ ገባ፣ የነጠላቸውን ጫፍም ነካ።

"ምንድን ነው ይኼ?"

"ዝናብ ነው አባባ።"

ጫፉን አንስተው አሸተቱ። "ዝናብ! በጾም ምድር ሞራ አስረገጥኸን እኮ፣ አንተ!"

ሌላው ሽማግሌ አፍንጫቸውን ይዘው፣ "ከቅዳሴ ወጥተን ቄራ ገባን" አሉ።

አንጋፋው ዙሪያውን ቃኙ። "ፈሰሱን ወዴት አወጣኸው?"

ፈሰስ ገበሬ ዝናቡን ከማሳው የሚያስወጣበት ቦይ ነው። ፈሰስህን ወደ ሸለቆው ታወጣለህ እንጂ የታች ጎረቤትህ ማሳ ላይ አትለቅም። ይኼን ያባቶቻችን አባቶች ከደጋ ይዘውት ወርደዋል፤ በዚህ ስንት ሰው ተጣልቶ ስንት ሰው ታርቋል። እኔ "ሳር፣ ሳር" እያልኩ ስንከራተት ይኼ ቃል እንዴት እንዳልመጣልኝ አላውቅም።

"አባባ፣ እርሻ መሰለዎት እንዴ? ፔንሲዮን ነው" አለ አበልጄ።

"ሥሩ ምንድን ነው?"

"ዋልካ።"

"እንግዲያ እርሻ ነው። ደም ዘርተህ ትል አብቅለሃል።"

ፈረዱ። ሥሩ እስኪጸዳ ሳሩን ያንሳ፤ የግንቡን ቀዳዳ ይድፈን፤ ከግንቡ ጋር አግድም ቆፍሮ፣ ድንጋይና ጠጠር ሞልቶ ፈሰሱን ወደ መንገዱ ቦይ ያውጣ፤ ደጃፌንም ይጥረግ። ይኼን ሁሉ ሠራተኛ ሳይቀጥር፣ በራሱ እጅ።

ሳሩ ሲገለጥ አጠገቡ ቆሜ ነበር። የቢራ ቆርኪ፣ የጥርስ እንጨት፣ የፍየል ጸጉር፣ የረጋ ደም፤ ከመሃሉ የሚርመሰመስ ነጭ ነገር። አበልጄ አካፋውን ጥሎ ግንቡን ተደግፎ አስታወከ። እኔ ምንም አልሆንኩ፤ ስተነፍሰው ከርሜያለሁ።

ቦዩ አለቀ። ሽማግሌዎቹ "በሉ ታረቁ፣ ጉዳዩ አልቋል" አሉን፤ ተሳሳምን። አፉ ቢራ ቢራ ይላል። ሳሩን አጥቦ መልሶ አነጠፈው፤ ዛሬም አረንጓዴ ነው፣ ዛሬም "ግባ እንጂ አበልጄ" ይለኛል። ቆሜ ነው የምመልስለት።

ለእኔ ግን አላለቀም ነበር። ቀኑን ሙሉ ሲወርድ የዋለ ዝናብ እስኪመጣ ጠበቅሁ። መጣ። ጓዳው በር ላይ ተቀምጬ ደጃፉን ስመለከት ዋልኩ፤ ከግንቡ ሥር ጠብታ አልወጣም። ጸሐይ እስኪያደርቀው ታግሼ ደወልኩና "ደጃፍሽ ደርቋል" አልኳት።

"'አየሁት' ነው የምትለኝ ወይስ 'ይመስለኛል'?" አለችኝ።

"ነይና እይ።"

ከመኪና ወርዳ ሰላም እንኳ ሳትለኝ ወደ ጓዳዋ አለፈች። ደጃፉ ላይ ቁጢጥ ብላ መሬቱን በመዳፏ ዳሰሰች፤ መዳፏን አሸተተች። ከዚያ ተነስታ ሻንጣዋን ወደ ውስጥ አስገባች። ነሐሴ ሃያ አራት ቀን ነበር፣ የተክለ ሃይማኖት ዕለት።