ድንጋይ የተሸከምኩበት ቪዲዮ

የፍርድ ቤት እንግሊዝኛ ያስጠናኝ አበልጄ ነው፤ ልጄን ክርስትና ያነሳልኝ፣ እንደ ወንድም የማየው ሰው። በሰው አገር፣ ፋርመርስ ብራንች በምትባል ከተማ፣ አንድ ዌርሃውስ ውስጥ አብረን ዕቃ እናሽግ ነበር። የፍርድ ቤት አስተርጓሚነት ላይሰንስ አውጥተን ከካርቶን ጋር ለመፋታት ሁለታችንም ቆርጠናል። ጠዋት ጠዋት እሱ እየነዳ ይጠይቀኛል፣ እኔ እመልሳለሁ።

"ፕሌንቲፍ?"

"ከሳሽ።"

"አድሚሽን?"

"ማመን።"

"ማመን ብለህ አትለፈው። ሰውየው በገዛ አፉ ተናግሮት በኋላ የሚያዝበት ቃል ነው።"

ከእኔ ይልቅ ጎበዝ ነበር፤ ይህን ዛሬም አልክድም።

የተጣላነው በማይረባ ነገር ነው። ለፋሲካ ሳክሲ ከተማ ያለው ቤቱ ጠርቶን የመጀመሪያውን ፈተና መውደቄን እያነሳ በእንግዶች ፊት ሲያሾፍብኝ ደሜ ፈላ። ውጪ ወጥተን ተጨቃጨቅን። ቀድሞ የገፋኝ እሱ ነው። እኔም ገፋሁት፤ ጋራዡ መግቢያ ላይ ተደናቅፎ ወደቀና እጁ ተሰበረ። ጎረቤት ፖሊስ ጠራ። እኔ በድብደባ ተከሰስኩ። ሪከርዴ ከተበላሸ ላይሰንሱን እርሳው ማለት ነው፤ ያን ሰሞን ሌላ ነገር አላስብም ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ደወሉልኝ። "ማን ቀድሞ ገፋ የሚለውን ተወው፣ ልጄ። የተጎዳው እሱ ነው። አንተ ዝቅ በልለት" አሉኝ።

"እሺ አባባ፣ እርስዎ ካሉ" አልኳቸው።

አገር ቤት ይቅርታ ሲጠየቅ እንደሚደረገው ድንጋይ ተሸክሜ ቤቱ ልገባ ወሰንኩ። ሳክሲ ውስጥ ደግሞ ድንጋይ ከየት ይመጣል? ከራሱ ከአበልጄ አበባ መደብ ዳር ካሉት ነጫጭ የጌጥ ድንጋዮች አንዱን አንስቼ ማጅራቴ ላይ አድርጌ ገባሁ። አብረውኝ የመጡት ሽማግሌ ሳቃቸውን ዋጡ። ሳሎኑ መሐል ተንበርክኬ፣ "መትቼሃለሁ፤ ጥፋቱ ሁሉ የእኔ ነው። ስለ እግዚአብሔር ይቅር በለኝ" አልኩት። እንዲህ ባለ ቦታ ጥፋት አይከፋፈልም። አንዱ ሁሉንም ወስዶ ይወድቃል፣ ሌላው ያነሳዋል። አነሳኝና ሳመኝ፤ ሁለታችንም አለቀስን።

ስልኩ ቴሌቪዥኑ ሥር ተደግፎ ይቀርጸን ነበር። "መታረቃችንን አይታ እናቴ ደስ ይበላት ብዬ ነው" አለ። እኔም ጅሉ ለእናቱ እጄን አወዛወዝኩ።

የቀጠሮዬ ቀን፣ ማኪኒ ከተማ ፍርድ ቤቱ ኮሪደር ላይ፣ የተመደበችልኝ ጠበቃ ላፕቶፗን ከፍታ ያንኑ ሳሎን አሳየችኝ። አቃቤ ሕጉ የላከላት ማስረጃ ነው። ንግግሬ ከሥር በእንግሊዝኛ ተጽፏል። ስህተት ፈለግኩበት፤ የለውም። እኔም ብሆን እንደዚያው ነበር የምተረጉመው።

"ድንጋዩ ምንድን ነው?" አለችኝ።

ላስረዳት ሞከርኩ። ስድስት ወር ካጠናሁት ቃል አንዱም አልደረሰልኝም። እርቅ ነው፣ ባህል ነው፣ የገፋኝም እሱ ነው እያልኩ ስንተባተብ በትዕግሥት ሰማችኝና፣ በዚህ ቪዲዮ ተከራክረን አናሸንፍም አለች። ሳልከራከር የቀረበልኝን ቅጣት ተቀበልኩ። ላይሰንሱም በዚያው ቀረ።

መኪናዬ ውስጥ ሆኜ ደወልኩለት። "ቪዲዮውን አንተ ነህ የሰጠሃቸው?"

"ሶ፣ ዲቴክቲቩ ኮል አደረገኝ። ከጠቡ በኋላ ተገናኝታችኋል ወይ አለኝ። ማለቴ... ሴንድ አደረግኩለት። ምን ላድርግ?"

"ምን እንደሚያደርገኝ ታውቃለህ። ከማንም በላይ አንተ ታውቃለህ።"

"አበልጅ፣ ያልከው ውሸት ነበር እንዴ?"

ዘጋሁበት። ውሸት አልነበረም፤ ያንገበገበኝም ይኸው ነው። ለደንቡ ያህል ብቻ ተንበርክኬ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባልተቃጠልኩ። እጁ በፋሻ ተጠቅልሎ ሳየው የገፋኝን ረስቼው ነበር፤ ያልኩትን ሁሉ ከልቤ ነው ያልኩት። ያልኩትም ለእሱ ነው።

እሱ ፈተናውን አለፈ። አሁን የአገራችን ሰው ተከሶ ማኪኒ ሲቀርብ፣ አጠገቡ ቆሞ ቃሉን ለዳኛው የሚያደርስለት እሱ ነው።