«ወደቅን» ያሉት ልብስ ሰፊ

ከሾላ ገበያ ጀርባ ለምትኖሩና ሱሪም ቀሚስም ላሰፋችሁ ሁሉ፦ ልብስ ሰፊው ጋሽ ታደለ ማክሰኞ ጠዋት ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። ስለ እርሳቸው መጻፍ የሚገባቸው ልጆቻቸው ናቸው ትሉ ይሆናል። እኔም ይህንኑ ፈርቼ ነው የቀደምኳቸው።

የአጥራቸው ማዶ ልጅ ነኝ። ከልጃቸው ከመሠረት ጋር አብረን አድገን፣ የአስረኛ ክፍል ፈተናንም አብረን ወደቅን። አባቴ ውጤቱን ሲሰማ «አሳፈርሽኝ» ብሎ ዘጋኝ። ጋሽ ታደለ ግን በራፋቸው ላይ ቆመው ለጠየቃቸው ሁሉ «ዘንድሮ አልሆነልንም፤ ወደቅን» ይሉ ነበር።

«እርስዎም ተፈትነው ነበር እንዴ?» አለቻቸው አንዲት ጎረቤት እየሳቀች።

«ታዲያስ! አብሬያት ሳመሽ የከረምኩት ለምን መሰለሽ?»

ይህን በአጥሩ ቀዳዳ ሰማሁና በመሠረት ቀናሁ። እኔም የወደቅኩት እንደ እሷ ነው፤ ግን ብቻዬን።

ያ ሳይበቃ መንገድ ሊሰፋ ነው ተብሎ ሾላ የነበረው ሱቃቸው ፈረሰ። የእኛ ቤት ከዚያ ባነሰ ነገር ተኳርፎ ስለተበተነ የእነሱንም መጨረሻ ጠበቅሁ። እርሳቸው የስፌት መኪናውን ግቢ አስገብተው ባለቤታቸውን እትዬ አስናቀችን ቁልፍ መትከል፣ መሠረትን ጠርዝ መዘምዘም፣ ትልቁን ልጃቸውን ካውያ ላይ መደቧቸው። ሳቃቸው እስከ እኛ ቤት ይሰማ ነበር፤ ያናድደኝም ነበር። አንድ ቀን አጥሩን ተደግፌ ሳይ «ምን ቆመሽ ታያለሽ? ነይ ክር አስገቢልኝ፤ ዓይኔ ደክሟል» አሉኝ። ዛሬ የምኖርበትን ሙያ የተማርኩት ከዚያ ወዲያ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደም ግፊት ጣላቸውና ግራ ጎናቸው አልታዘዝ አለ። መሠረት አጠገባቸው ተቀምጣ ፔዳሉን ትረግጣለች፤ እርሳቸው በደህናው እጃቸው ጨርቁን ይመራሉ። «ቀስ! ኮሌታ ላይ ነን» ይሏታል። ያ እግር የእኔ በሆነ ብዬ ተመኘሁ።

እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጸበል ሲወስዷቸው እኔም በባሕር ዛፉ መሐል ደግፌያቸው ወጣሁ። አንዲት እናት «ሁሉም ልጆችዎ ናቸው? ይባረኩ!» ቢሏቸው «ይቺ የጎረቤት ልጅ ናት» አሉ። እውነት ነው፤ ሌላ ምን ይበሉ? ክንዳቸውን ለመሠረት ለቅቄ ከኋላ ቀረሁ።

ቆይቶ እሠራበት የነበረው የስፌት ቤት ሠራተኛ ሲቀንስ እኔንም አሰናበተኝ። አባቴ «ምን አጥፍተሽ ነው?» አለኝ። ወዲያው ወጥቼ በጋሽ ታደለ በር ሳልፍ ጠሩኝ። ምላሳቸው ከሕመሙ ወዲህ ከበድ ብሎ ነበር።

«ምነው በሥራ ሰዓት?»

«ከሥራ ወጣሁ፣ ጋሼ።»

ወደ ቤት ዞረው «አስናቀች! ከሥራ ወጥተናል፤ ምሳ አቅርቢልን» አሉ።

መሠረት ከመኪናው ቀና ብላ አየችኝ። በዚያች ቀን የቀናችው እሷ እንደነበረች እምላለሁ።

ጋሽ ታደለ፣ ድንኳንዎ ገና አልተነሣም። እትዬ አስናቀች ሐዘንተኛው በሚቀመጥበት ፍራሽ ላይ፣ ከራሳቸው አጠገብ አስቀምጠውኛል። ከአገር ቤት የመጡት ዘመዶችዎ «ይቺ ደግሞ ማናት?» እየተባባሉ ነው፤ ቦታም ጠቧቸዋል። መሠረት እንኳ ደጋግማ «እስቲ ጠጋ በይ» ብላኛለች። ይቅር ይበሉኝ፤ አልነሣም። ደህና ይሁኑ፣ አባቴ።