ሁለት ቁልፍ ካለው በር ጀርባ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ወጥቶ መስቀል ሊደርስ ሲል ነው። እዚህ ላሊበላ ውስጥ ያ ቀን ሲነሳ አንዳንዱ ይስቃል፤ አንዳንዱ ደግሞ "የውብዳር ለድመት ብላ ብልባላ ድረስ የሄደች ዕለት" እያለ ያሽሟጥጣል። ያሽሟጥጥ። ከአእምሮዬ ያልጠፋው ለምን እንደሆነ የማውቀው እኔ ስለሆንኩ እንዳለ ልንገራችሁ።

እኔ በሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ጧፍ እሸጣለሁ። ቤቴም ቅጥሩን ተጠግቶ የተሠራ ነው። ሻሼ የምትባል ድመት አለችኝ፤ ግንባሯ ላይ ሻሽ ያሰረች የሚያስመስል ነጭ ስላላት ነው እንዲያ ያልኳት። በሰፈሩ ካሉት ድመቶች እኔ ቤት ያልተወለደ ጥቂት ነው። በድመት ነገር ማንም አይከራከረኝም፤ ቢከራከረኝም አይረታኝም።

በቅጥሩ ውስጥ፣ ከቤተ መቅደሱ ራቅ ብሎ፣ ዕቃ ቤት አለ። ልብሰ ተክህኖው፣ ከበሮው፣ ጥላው፣ ምንጣፉ የሚቀመጠው እዚያ ነው። በሩ ሁለት ቁልፍ አለው። አንዱ ቄሰ ገበዝ በሆኑት በመምሬ ካሳ እጅ ነው። ሌላው ምእመናን በመረጧቸው በጋሽ አለሙ አንገት ላይ ተንጠልጥሎ ይውላል። አገሩ የቅርስ ሌባ የሚፈራበት ስለሆነ ሁለቱ አንድ ላይ ካልቆሙ አይከፈትም። ቁልፉን ለሌላ ሰው አደራ መስጠት ደግሞ የማይታሰብ ነው። ጋሽ አለሙ ታመው በተኙ ጊዜ እንኳ ለባለቤታቸው አልሰጡም።

በዚያ ሰሞን አይጥ የአንዱን ካባ ጠርዝ በልቶ ስለተገኘ፣ የክረምቱም እርጥበት እንዲወጣ፣ ልብሱን ሁሉ አውጥተው ፀሐይ ላይ አሰጡት። በሩ ቀኑን ሙሉ ተከፍቶ ዋለ። ሲመሽ ሰብስበው ቆለፉ።

በማግስቱ ጧት ሻሼ የዕቃ ቤቱን በር ስትቧጥጥ አገኘኋት። ሆዷ ጎድሏል። ጡቷ አብጦ ጫፉ ርሷል። ወልዳለች፤ የወለደችውም ውስጥ ነው። ማታ እኔ ቤት እራቷን ልትበላ ወጣ ስትል ነው የተቆለፈባት።

መምሬ ካሳ ዘንድ ሄጄ "ይክፈቱልኝ" አልኳቸው።

"የእኔ ቁልፍ ብቻውን ምን ይሠራል ልጄ? አያ አለሙ ማለዳ ለእህታቸው ተዝካር ብልባላ ሄደዋል። የሚመለሱት ነገ ማታ ነው" አሉኝ።

ስልካቸው ላይ ደወልኩ። ባለቤታቸው አነሱና "ስልኩማ እዚሁ ቻርጅ ላይ ነው" አሉኝ።

ነገ ማታ ድረስ የሚቆይ ነገር የለም። አዲስ የተወለደ የድመት ልጅ ዓይኑ ጭፍን ነው። ጆሮው ጭንቅላቱ ላይ ተጣጥፎ ስለሚወለድ አይሰማም። መቆም አይችልም፤ በሆዱ ይሳባል። ገላውን ራሱ ማሞቅ አያውቅም፣ እናቱ ካላቀፈችው በላስታ ብርድ ይደርቃል። ሽንቱን እንኳ የሚሸናው እናቱ ሆዱን ስትልሰው ነው። ይህን ሁሉ ለመምሬ ካሳ ነገርኳቸው። አዘኑ፤ ግን ምን ያድርጉ፣ ቁልፉ የሳቸው አይደለም።

ጧፌን ለጎረቤት ትቼ ወደ ብልባላ የሚሄድ አይሱዙ ላይ ወጣሁ። ሹፌሩ ፊቴን አይቶ "ማን ሞተ?" አለኝ። "እስካሁን ማንም" አልኩት።

ተዝካሩ ቤት ዳስ ተጥሎ ሰው ሞልቷል። ጋሽ አለሙ ገና ሲያዩኝ ደነገጡ።

"ምነው? ዕቃ ቤቱ ተሰበረ?"

"ኧረ አልተሰበረም ጋሼ። ድመቴ ውስጥ ወልዳ ተቆልፎባታል።"

ዳሱ ውስጥ ያለው ሰው ሳቀ። አንዱ "ክርስትና ልታነሻቸው ነው?" አለኝ። ጋሽ አለሙ ግን አልሳቁም።

"ግልገሎቹን አየሻቸው?"

"አላየኋቸውም።"

"ድምፅስ ሰማሽ?"

"አልሰማሁም። በሩ ወፍራም ነው።"

"ታዲያ ሳታይ ሳትሰሚ ከእህቴ ተዝካር ልታስነሽኝ መጣሽ?"

"እናቲቱን አይቻለሁ፤ ይበቃኛል። ከሌሉ አገር በተሰበሰበበት ይስደቡኝ። ካሉ ግን የሚገድላቸው የርስዎ ቁልፍ ነው።"

በሐዘን ቤት፣ ለዚያውም ለትልቅ ሰው፣ ይህን ማለቴ የበዛ ሳይመስለኝ አልቀረም፤ ግን መልሼ አልዋጥኩትም። ጋሽ አለሙ በልብሳቸው ላይ ቁልፉን ዳበስ አደረጉት። ከዚያ ተነስተው ለእህታቸው ልጅ "ጸሎቱ ደርሷል፤ እኔ ልሂድ" አሏት።

በዚያው መኪና ተመለስን።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ደረስን። ወሬው ቀድሞን ኖሮ ሰው ተሰብስቧል። ሻሼ እዚያው በሩ ሥር ናት። ሁለቱ ሽማግሌዎች ቁልፋቸውን አዞሩ፤ በሩ ተከፈተ። ከውስጥ ምንም ድምፅ የለም። ሰዉ በሩን ትቶ እኔን ማየት ጀመረ። በዚያች ሰዓት የፈራሁት ስድቡን አይደለም፤ ዘግይቼ እንደሆነስ ብዬ ነው።

ሻሼ በሽማግሌዎቹ እግር መሀል ሹልክ ብላ ገባች። እዚያ ሴት አትገባምና እኔ ደፉ ጋ ቆሜ "ተከተሏት" አልኩ። ከከበሮዎቹ ጀርባ ካለ የተጠቀለለ ምንጣፍ ውስጥ ገባች። መምሬ ካሳ ጎንበስ ብለው እጃቸውን ሰደዱ። ቆይተው "አራት ናቸው" አሉ።

በጋቢያቸው ይዘዋቸው ወጡ። ሦስቱ ይንቀሳቀሳሉ፤ ምንጣፉ ሙቀት ይዞላቸዋል። ዳር የነበረው ትንሹ ግን ቀዝቅዟል።

"ይሄስ አልቋል" አሉ ጋሽ አለሙ።

"ሳይሞቅ አላለቀም" አልኩና ጉያዬ ውስጥ ወሸቅኩት። ጀርባውን በነጠላዬ ጫፍ እያሸሁ እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ሰዉ ሰልችቶት መበተን ሲጀምር ደረቴ ላይ አንዳች ነገር ተላወሰ። አውጥቼ ሳየው አፉን ከፈተ። ድምፅ አልወጣውም፤ ብቻ ከፈተ። ለሻሼ ሰጠኋት፤ ስትልሰው ቆይታ ወደ ጡቷ አስጠጋችው። ያን ጊዜ አለቀስኩ።

ባዶ የጧፍ ካርቶን ውስጥ ጨርቅ አንጥፌ ቤቴ አኖርኳቸው። ከዚያ በኋላ የመጣውን ግን አልጠበቅሁም። ጋሽ አለሙ በየቀኑ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ደጄ ላይ እየቆሙ "እንዴት አደሩ?" ማለት ጀመሩ። የሚጠይቁት ስለ እኔ አይደለም።

ሁሉንም አሳየኋቸው። ዓይናቸው ሳይከፈት፣ በማሽተት ብቻ፣ እያንዳንዱ የለመደውን ጡት ፈልጎ ይይዛል። ጆሯቸው ቀስ በቀስ ቀና አለ። ዓይናቸው መጀመሪያ እንደ ክር ተሰነጠቀ፤ አንዱ ቀድሞ፣ ሌላው ተከትሎ ተከፈተ። ሁሉም ሰማያዊ ነበር። ጋሽ አለሙ "የፈረንጅ ዓይን አወጡ እኮ" ብለው ተገረሙ። "ይቀየራል፣ ይጠብቁ" አልኳቸው። ተቀየረም።

የትንሹ አንድ ዓይን ግን በዓይን አር ተጣብቆ አልከፈት አለ። ጋሽ አለሙ ጠበል በጠርሙስ ይዘው መጡ። "የሚፈልገው ለብ ያለ ውሃ ነው" ብላቸው "ይሄስ ውሃ አይደለም?" አሉኝ። ጠበሉን መዳፌ ውስጥ ለብ አድርጌ በጥጥ ጠረግኩለት። በማግስቱ ተከፈተ። እሳቸው በጠበሉ ነው ይላሉ፣ እኔ ስለሞቀ ነው እላለሁ፤ እስከ ዛሬ አልተስማማንም።

ከዚያ እየተንገዳገዱ መሄድ፣ መውደቅ፣ እርስ በርስ መታገል መጣ። ጥርሳቸው ወጥቶ ሲነክሷት ሻሼ ጡቷን መከልከል ጀመረች። አንድ ቀን ከነነፍሱ የያዘችውን አይጥ አምጥታ መሀላቸው ለቀቀችው። ቀድሞ የያዘው ያ ትንሹ ነው። ጋሽ አለሙ ቆመው ያዩ ነበርና "በቃ፣ ይሄ የዕቃ ቤቱ ነው" አሉ።

አናጢ ጠርተው ከበሩ ግርጌ ቀዳዳ አስበጁለት። ልኩን ራሳቸው ነው የለኩት፤ ድመት ያሳልፋል፣ የሌባ ክንድ ግን ቢገባም መቀርቀሪያው ጋ አይደርስም። መምሬ ካሳ አሁን ድመቱን ሦስተኛው ባለቁልፍ ይሉታል። ከዚያ ወዲህ አይጥ ልብሱን አልነካም።

ዛሬም ያው ነገር ቢገጥመኝ አይሱዙ ፈልጌ እሄዳለሁ፤ የፈለገ ይሳቅ።

አመሻሽ ላይ ጧፌን ስሰበስብ ሁለቱ ሽማግሌዎች ዕቃ ቤቱን ሲዘጉ እሰማለሁ። ቀዳዳው እያለ እንኳ ጋሽ አለሙ ቁልፉን ከማዞራቸው በፊት አንገታቸውን ወደ ጨለማው አስግገው "የቀረ አለ?" ይላሉ። ትንሽ ይጠብቃሉ። የሚቆልፉት ከዚያ በኋላ ነው።