ዳልጮ ያልፈረመው ወረቀት

ዋና ሳጅን ዳልጮ በሃያ ሁለት ዓመት የፖሊስነት ዘመኑ ጉቦ በልቶ አያውቅም፣ ያላጠፋ ሰው መትቶ አያውቅም፣ ልምምድ አርፍዶም አያውቅም። ማዕረጉን ያስገፈፈው ግን ከእነዚህ አንዱም አይደለም። ያስገፈፈው መንበርከኩ ነው። እኔ እስከ ዛሬ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል፤ እሱ ግን ሲያወራው ይስቃል።

ትውልዱ ጋሞ ውስጥ ኦቾሎ ነው፤ የአባያን ሐይቅ ቁልቁል ከሚያየው ተራራ ላይ። አባቱ ሸማኔ ነበሩ። ዳልጮ ልጅ ሳለ ሁለት ጎረቤቶች በድንበር ተጣልተው ጦር ተማዘዙ። አባቱ የጀመሩትን ጋቢ እንደተወጠረ ጥለው ሮጡ፣ እርጥብ ሳር ነጩ፣ በሁለቱ መካከል ተንበረከኩ። ባለ ጦሮቹ እያጉረመረሙ ወደየቤታቸው ገቡ። ሳር ይዞ የተንበረከከን ሰው የሚሻገር ጋሞ የለም፤ የተሻገረ ቤቱ አይባረክም። ዳልጮ ይህን የተማረው ከፖሊስ ማሠልጠኛው በፊት ነው።

አርባ ምንጭ ወርዶ ተቀጠረ፤ ሲቀላ ገበያ ሙዝ የምትሸጠውን ሻሺቱን አገባ፤ ሦስት ልጆች ወለዱ። ከሥራ በፊት ንጋት ላይ የሲቀላ ወጣቶችን ኳስ ያሠለጥን ነበር፤ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ። ዳኛ የሰደበ ሜዳውን አሥር ጊዜ ይዞራል። ጫማ የሌለው ከመጣ የራሱን ይሰጠውና እሱ በነጠላ ጫማ ፊሽካ ይነፋል። ሻሺቱ ትቀልድበታለች፦ «አንተ ሦስት ልጅ አለኝ ትላለህ፤ እኔ የማበላው ግን ሃያ አምስት ነው።»

ባለፈው ክረምት መግቢያ የከተማዋ ሁለት ሰፈሮች፣ ሲቀላና ሴቻ፣ ለግማሽ ፍጻሜ ተገናኙ። ዳልጮ የዚያን ቀን ተረኛ ስለነበር ቡድኑን ለረዳቱ ሰጥቶ በደንብ ልብሱ ጸጥታ ያስከብር ነበር። በሰማንያኛው ደቂቃ ዳኛው የሴቻን ጎል ሻረ። ወዲያው ከሁለቱም ወገን ድንጋይ ተነሣ። ካሌብ፣ የዳልጮ የገዛ አምበሉ፣ ሁለት እጁን ድንጋይ ሞልቶ መሐል ሜዳ ቆሟል።

በሬዲዮ የኢንስፔክተር ሀብተወልድ ድምፅ መጣ፦ «አስለቃሽ ጭስ ተኩሱ!»

የሜዳው በር አንድ ነው። አጥሩ ሥር እናቶችና ሕፃናት ተደርድረዋል። ጭሱ ከተለቀቀ ሕዝቡ በዚያች በር ሲጋፋ ስንቱ እንደሚረገጥ ዳልጮ ወዲያው ታየው። ለሬዲዮው መልስ አልሰጠም። ቆቡን አውልቆ መሬት ላይ አስቀመጠ፣ ከሜዳው ጥግ እርጥብ ሳር ነጨ፣ በሁለቱ ወገን መካከል ገብቶ በጉልበቱ ወደቀ። አንድ ድንጋይ ትከሻውን መታው። ሁለተኛ ግን አልተወረወረም፤ ጭሱንም የተኮሰ ፖሊስ አልነበረም። መጀመሪያ ካሌብ ድንጋዩን ጣለ፤ ከዚያ ሴቻዎቹ። ሕዝቡ በዚያች አንዲት በር በሰላም ወጣ።

በማግሥቱ ኢንስፔክተር ሀብተወልድ አስጠራው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ከበላይ የሚመጣ ስልክ ግን እንደ ወባ ያንቀጠቅጠዋል።

«የመንግሥት ልብስ ለብሰህ ለዱርዬ ትንበረከካለህ?»

«ለዱርዬ አይደለም ጌታዬ። ደም እንዳይፈስ ነው።»

ኢንስፔክተሩ ወረቀት ገፋለት። «የደንብ ልብሴን በማዋረዴ ይቅርታ እጠይቃለሁ» ይላል። ከፈረመ በማስጠንቀቂያ ይታለፋል። ካልፈረመ አንድ ማዕረግ ወርዶ ሩቅ አገር፣ ካምባ ወረዳ ይዛወራል፤ እስከ ዓርብ ያስብበት።

ጓደኛው ክንፉ በረንዳ ላይ ይዞት ለመነው። «ዳልጮ ወንድሜ፣ ንጉሥ አይከሰስ ሰማይ አይታረስ። ሁለት መስመር ናት፣ ጫር አድርግና ቤትህ ግባ።» እውነቱን ነው። ትልቋ ልጁ መቅደስ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ደርሶባታል። የሻሺቱ ደንበኞች ሲቀላ ናቸው። ቤተሰቡ ሊከተለው አይችልም፤ ሲቀላ የሚጫወትበት ፍጻሜም ሁለት ሳምንት ነው የቀረው።

ማታ ነገሩን ሁሉ ለሻሺቱ ነገራት። እሷም ትጠይቀው ጀመር።

«ያን ቀን ስንት ሰው ሞተ?»

«ማንም።»

«የተረገጠ ልጅስ?»

«የለም።»

«ታዲያ ይቅርታው ለምኑ ነው?» አለችና ወደ ሙዞቿ ዞረች። «እኔ የተዋረደ ባል አላገባሁም፤ ተዋርጃለሁ ብለህ ፈርመህ እንዳትመጣብኝ።»

ዓርብ ዳልጮ ቢሮ ገባ። «‹የደንብ ልብሴን ለብሼ ተንበርክኬአለሁ› ይባል፤ ማዋረድም ይቅርታም የሚለው ይውጣ። እሱን አሁኑኑ እፈርማለሁ» አለ። ኢንስፔክተር ሀብተወልድ አቀርቅሮ የዝውውሩን ደብዳቤ ሰጠው።

ሰኞ ጠዋት ሲቀላ መናኸሪያ፣ የካምባው አውቶቡስ ሊወጣ ሲል ፊት ለፊቱ ወጣቶች ተንበረከኩ። የዳልጮ ተጫዋቾች ብቻ አይደሉም፤ ሴቻዎቹም አሉ። ሁሉም እርጥብ ሳር ይዘዋል። ሾፌሩ ሚፍታ ሞተሩን አጠፋ። «ሳጅን፣ እኔ የዚህ አገር ተወላጅ አይደለሁም» አለ፣ «ግን ሃያ ዓመት ነድቻለሁ። ይህን አልሻገርም።»

ዳልጮ ወረደ። መጀመሪያ ደስ አለው፤ ድንጋይ ሲወራወሩ የነበሩት ልጆች ትከሻ ለትከሻ ናቸው። ከዚያ ሳሩን አየና ቁጣው ገነፈለ።

«ኮች፣ የትም አይሄዱም» አለ ካሌብ። «ሳር ይዘናል።»

«እዚህ ደም አለ?»

«የለም፣ ግን ማዕረግዎን—»

«ተነሡ!» ድምፁ መናኸሪያውን ሞላው። «ሳር የደም ማቆሚያ ነው፤ የዳልጮ ማዕረግ ማስመለሻ አይደለም! ዛሬ ለእኔ ከነጫችሁት፣ ነገ ጦር ሲመዘዝ ማን ያከብረዋል? እኔ ልብሴን አላዋረድኩም፤ እናንተ ግን ሳሩን እያዋረዳችሁ ነው። ለማዕረጌ የሚንበረከክ ተጫዋች የለኝም። ተነሡ!»

አንድ በአንድ ተነሡ። ካሌብ እያለቀሰ ነው። ዳልጮ ሳሩን ከእያንዳንዱ እጅ ራሱ ተቀበለ፤ ምክንያቱም እሱም ቢሆን አይሻገረውም። ከመንገዱ ዳር በእርጋታ አኖረው። «ፍጻሜውን ብትሸነፉ እመጣና ሃያ ዙር ነው» አለ። ከዚያ ሻሺቱን አቀፈ፣ መቅደስን ግንባሯን ሳመ፣ ተሳፈረ።

የካምባው አለቃ ደብዳቤውን ሁለቴ አነበበና ቀና አለ።

«እዚህም ትንበረከካለህ?»

ዳልጮ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። ክረምት ነው፤ ከቢሮው ጀርባ ሳሩ ጉልበት ይደርሳል።

«ድንጋይ ከተነሣ፣ አዎ ጌታዬ» አለ። ከዚያ የካምባ ልጆች ኳስ የሚጫወቱት የት እንደሆነ ጠየቀ።