ቀይ ሪባን ያሰርኩባቸው ችካሎች

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ አሥራ አራት ተማሪ አስከትዬ የሰው ማሳ ላይ ችካል እየተከልኩ ነበር... ያውም ሱሉልታ፣ ያውም የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን የገበሬውን መሬት ሊወስድ ነው ተብሎ አገሩ በታመሰበት ሰሞን።

ከመፍረዳችሁ በፊት ስሙኝ። የቅዳሜ የሂሳብ ትምህርት ነው የማስተምረው፤ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል፣ ሂሳብ የሚወዱና ወላጆቻቸው በግድ እንዲወዱ ያደረጓቸው ልጆች። በዚያ ሰሞን መንገዱም ትምህርት ቤቱም ሲዘጋ ሲከፈት፣ ያልተቋረጠችው የቅዳሜዋ ክፍል ብቻ ነበረች። ከአዲሱ ገበያ በሚኒባስ እየተጋፋሁ እመጣለሁ፣ አንድም ቅዳሜ አልቀረሁም። ጎበዝ አስተማሪ ነኝ። ካላመናችሁ ልጆቹን ጠይቁ።

የዕለቱ ትምህርት፣ አራቱም ጎኑ የተለያየ ቦታ ስፋቱ እንዴት ይሰላል የሚል ነበር። ይህን ሰሌዳ ላይ ማስተማር እንቅልፍ ማምጣት ነው። ከክፍላችን ጀርባ ደግሞ ገብሱ ታጭዶ የተነሳለት ማሳ አለ። ሃምሳ ሜትር የሚዘረጋ ሜትር ገዛሁ፣ አራት ችካል አስጠረብኩ፣ ከሩቅ እንዲታዩ ብዬም ቀይ ሪባን አሰርኩባቸው። ባለቤቱን ማስፈቀድ ትዝም አላለኝ። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ሜዳ ሁሉ ባለቤት የሌለው ይመስለዋል።

ከተማሪዎቼ አንዷ ሌንሳ የዚያው ሰፈር የገበሬ ልጅ ናት። ችካሎቹን ስታይ ቆም አለች።

«ቲቸር... ችካሉ ቢቀርስ? በድንጋይ ምልክት ብናደርግ?»

«ድንጋይ ከሩቅ አይታይም» አልኳት።

ትክክል ነበርኩ። ችካሉ ከሩቅ ታየ።

አራተኛውን መትተን ሳንጨርስ ፉጨት ሰማን። ከዚያ ጩኸት። ከየቤቱ ሰው ይወጣ ጀመር... ዱላ የያዘ፣ መንሽ የያዘ፣ ልጅ ያዘለች እናት ሳትቀር። ከፊት ከፊት አንድ ሽማግሌ ይመጣሉ። የማሳው ባለቤት ኦቦ ደበላ ነበሩ።

«ኤኙቱ ኢሲን ኤርጌ?»

«ማን ላካችሁ ነው የሚሉት» አለችኝ ሌንሳ በሹክሹክታ።

«ማንም አልላከንም አባቴ! አስተማሪ ነኝ፣ ሂሳብ ነው!»

በአማርኛ መለሱልኝ። «ባለፈው ችካል ይዘው የመጡትም ሂሳብ ነው ብለዋል።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለራሴ አልፈራሁም ብል እዋሻለሁ። የባሰው ግን የሰው ልጆች ይዤ መውጣቴ ነው፤ አንዳቸው ቢነኩ ለወላጆቻቸው ምን እላለሁ? ከመጡት አንዱ ችካሉን ነቅሎ በእጁ ይመዝነዋል። ልጆቹ ከኋላዬ ተጠጋግተው ቆመዋል።

ኦቦ ደበላ እጃቸውን አንስተው ሰዉን ዝም አሰኙ።

«አስተማሪ ከሆንሽ ንገሪኛ። ይህ ማሳ ስንት ጥማድ ነው?»

ጥማድ ማለት አንድ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው መሬት ነው፤ በወረቀት ሂሳብ ሩብ ሄክታር ይባላል። ይህን አውቃለሁ። ሦስቱን ጎን ስንተክል ለክተናል፣ አራተኛውን ያ ሁሉ ሰው እያየን ለካን። ከዚያ ፊት ለፊት ያሉትን ጎኖች ጥንድ ጥንዱን ደምሬ ለሁለት አካፈልኩ፣ ሁለቱን ውጤት አባዛሁ፣ ወደ ጥማድ ቀየርኩት... አለቀ።

«ሦስት ጥማድ ተኩል ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል!» አልኩ። ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።



«ቲቸር...» ሌንሳ ናት። «ልክ አልመጣም።»

በዓይኔ ተቆጣኋት። አሁን እኔን የማረሚያ ሰዓት ነው? እሷ ግን ከቁብም አልቆጠረችኝ።

«ማዕዘኖቹ እኮ ጠማማ ናቸው። እንዲህ ሲባዛ ይጨምራል» ብላ ሜትሩን እያስቀጠለች ከጥግ እስከ ጥግ ለካች። ማሳውን ሁለት ጎነ ሦስት አደረገችው፣ የየራሳቸውን ስፋት አስልታ ደመረች። ዱላ የያዙት ሰዎች ሳይቀሩ የሜትሩን ጫፍ ያዙላት።

«ሦስት ጥማድ ነው። እሱም በጣም ትንሽ ይጎድለዋል።»

ደብተሯን አየሁት። ልክ ናት። በራሴ ትምህርት የተሳሳትኩት እኔ ነኝ! አሁን አለቀልን አልኩ በሆዴ። አስተማሪ ነኝ ብላ ማስላት ካቃታት፣ ታዲያ ይቺ ሴትዮ ምንድን ናት?

ኦቦ ደበላ ዱላቸውን ተደግፈው አዩኝ... ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። እየሳቁ ነው።

«አባቴም እኔም በሦስት ቀን ነው የምናርሰው። ልጅቱ ልክ ናት» አሉና ወደ ሰዉ ዞሩ። «ባለፈው የመጡት ለክተው ሁለት ጥማድ ነው አሉኝ። ይቺ ግን ግማሽ ልትጨምርልኝ ነው! እስቲ ከመካከላችሁ፣ የመንግሥት ሰው መሬቱን ለክቶ የጨመረለት አለ?»

አንድም አልነበረም። ሳቁ እንደ ዝናብ ወረደ፣ መንሹም ዱላውም ትከሻ ላይ ወጣ።

«ሁለተኛ ግን» አሉኝ ሳቃቸውን ውጠው፣ «ሳታስፈቅጂ እንዳትመጪ። ችካል እዚህ አገር ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

አንገቴን ደፍቼ ይቅርታ ጠየቅኩ። ከልቤ ነበር። የቀሩትን ችካሎች በገዛ እጄ ነቀልኩ።

ማሩን እንጂ ቶሎ አሰናበቱን ግን እንዳይመስላችሁ። «የኔንም ለኩልኝ» የሚለው በዛ። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ በድንጋይ ምልክት እያደረግን፣ ልጆቹ ሲያሰሉ፣ እኔ ስፈትሽ ዋልን። እያንዳንዱ ቁጥሩን ወረቀት ላይ አስጽፎ፣ አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተ። ያን ወረቀት ማን ተቀብሎ እንደሚያይላቸው አላውቅም፤ አንጀቴን በላኝ።

ለተማሪዎቼ ግን በሚቀጥለው ቅዳሜ አንድ ምክር ሰጠኋቸው... የሰው መሬት ስትለኩ አትሳሳቱ፤ የግድ ከተሳሳታችሁም ጨምራችሁ ተሳሳቱ።