በእጄ ላይ ያለቁት ስድስት ሰከንዶች

ጎንደር፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት

አውቶቡሱ ሳይነሳ ጉልበቴ መጠዝጠዝ ጀመረ። ሃያ ዓመት የቅርጫት ኳስ ዳኛ ሆኜ በሲሚንቶ ሜዳ ላይ የሮጥኩበት ጉልበት ነው። ዛሬ ባሕር ዳር የምሄደው ለመዳኘት ሳይሆን ያሠለጠንኳትን ዘይነባን ለመፈተን ነው። የወረታ ነጋዴዎች ልጅ ናት፤ አሁን ባሕር ዳር ስፖርት ታስተምራለች። የዛሬውን ጨዋታ በወጉ ከመራች የዳኝነት ፈቃዷን እፈርማለሁ። ካልሆነ የሁለት ዓመት ልፋቷን ውሃ በላው ማለት ነው። ቦርሳዬ ውስጥ ፎርሙ፣ የይለፍ ወረቀቴና የጨዋታው ደቂቃ መቁጠሪያ ሰዓት አሉ፤ ሰው ስለጠፋ ሰዓት ያዡም እኔው ነኝ። እውነቱን ለመናገር ደክሞኛል።

ሐሙሲት፣ አራት ሰዓት

አቧራ፣ ኬላ፣ እንደገና አቧራ። ሁለት ጊዜ ወርደን ተፈተሽን። ጣና በስተቀኝ ብቅ ይልና መልሶ ይጠፋል። ለሻይና ለዳቦ ስንወርድ ሾፌሩ ሥራዬን ጠየቀኝ።

“ዳኛ ነዎት? ‘ውሃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር’ ነውና፣ እስቲ ከዚህ መንገድ ጋር ይፍረዱኝ!”

“እኔ የምፈርደው ሜዳ ላይ ብቻ ነው።”

ሳቀ። “እኔስ ጎማ ስቀይር ደከምሁ፣ ጋሼ። እርስዎ መቼ ነው የሚያርፉ?”

ባለቤቴም ይህንኑ ነው የምትጠይቀኝ። ሻዬን ጠጣሁ።

ባሕር ዳር፣ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል

የዓባይን ድልድይ ተሻግረን ስድስት ሰዓት ላይ ገባን። የቀረበልኝን የዓሣ ጥብስ ከድካም ብዛት ግማሹን ተውኩት። ሜዳው ለሐይቁ ቅርብ ስለሆነ ነፋሱ ኳስ ይገፋል። ዘይነባ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አስራ፣ ፊሽካዋን አንጠልጥላ ጠበቀችኝ።

“ደከሙ ጋሼ? ዓይንዎ ቀልቷል።”

“አንቺ ጨዋታሽን ተመልከቺ። የመጨረሻዋን ደቂቃ በልብሽ መቁጠር እንዳትረሺ።”

በየሜዳው ሰዓት ስለሚበላሽ ሠልጣኞቼን ሁሉ የማስተምረው ይህንን ነው።

የአንድ ፋብሪካ ቡድን ከመምህራን ጋር ገጠመ። ፋብሪካዎቹ በአንድ ነጥብ ሲመሩ የመጨረሻዋ ደቂቃ ደወል ተመታ። ኳስ የያዘው መምህር ተገፍቶ ወደቀ። ዘይነባ ነፋችና ጡጫዋን ጨብጣ ወደ ላይ አነሳች፤ ጥፋት ነው ማለቷ ነው። የኔ ሥራ ቁልፉን ተጭኖ ሰዓቱን ማቆም ብቻ ነበር። እኔ ግን ሰዓቱን እንደያዝኩ እንደሷ ጡጫዬን ወደ ላይ አነሳሁ! የሃያ ዓመት ልማድ ነው። እጄን ሳወርድ ጊዜው አልቆ ነበር። አጠገቤ የተቀመጠው መዝጋቢ ደወሉን መታ፤ የፋብሪካው ደጋፊ ሜዳውን ሞላው።

ዘይነባ ወደ ጠረጴዛው መጣች። “ጋሼ፣ ስነፋ ሰዓቱን አቁመውታል?”

“ከፊሽካሽ በፊት አልቋል” ብላት እኔ እድናለሁ፤ እሷ ግን ዘግይታ ነፋች ተብላ ትወድቃለች። አልደብቅም፤ ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

“አላቆምኩትም። እጄን አነሳሁ” አልኳት።

“ስድስት ሰከንድ ቀርቶ ነበር። በልቤ እየቆጠርሁ ነበር።”

ሜዳው እንዲለቀቅ ነፋች። የፋብሪካው ስፖርት ኃላፊ፣ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ እኔን ትቶ እሷ ላይ ጮኸ።

“ጥፋቱ የኔ ነው ጓድ፤ ይቀመጡ” አልኩት።

ስድስቱን ሰከንድ አጫወተች። መምህራኑ ወደ ቅርጫቱ ወረወሩ፣ ነፋሱ ኳሷን ወሰዳት። ፋብሪካዎቹ በዚያችው በአንድ ነጥብ አሸነፉ።

መልስ፣ በማግሥቱ ጠዋት

ዘይነባ የተፈረመ ፈቃዷን ይዛ መናኸሪያ ድረስ ሸኘችኝ።

“ስለ ሰዓቱ ሪፖርት ላይ ምን ሊጽፉ ነው?”

“የሆነውን።”

“ይተውት ጋሼ። ማንም አልተጎዳም።”

“አንቺ ብትሆኚ ትተዪው ነበር?”

ቦርሳዬን አቀበለችኝ።

አውቶቡሱ ሳይነሳ ሪፖርቱን ጉልበቴ ላይ ጻፍኩ፦ “ተፈታኝ ዘይነባ አልፋለች። ሰዓት ያዡ ሰዓቱን አላቆመም፤ ከእንግዲህ በማንኛውም ጨዋታ ባይመደብ ይሻላል።” ከሥሩ ስሜን ጻፍኩ። ሾፌሩ ያው የትናንቱ ነበር።

“መቼ ነው የሚያርፉ ብለኸኝ አልነበር?” አልኩት።

“አዎ ጋሼ።”

“ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ተኩል የጀመረው ጨዋታ ሲያልቅ አረፍኩ።”